ፈረስ የተሸጠለት ኦሲሎስኮፕ

ካርቶኑ ከአዲስ አበባ ዳንግላ የደረሰው የጓደኛዬ አርባ ከወጣ በኋላ ነው። ሚስቱ ስልክ ደወለችና «ዕቃው መጣ» አለችኝ። የትኛው ዕቃ ብዬ አልጠየቅሁም። 

«አልነካሁትም» አለች። «ብነካውም አላውቅበት። ቅዳሜ መምጣት ትችያለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኳት።

እኔና ባሏ ጓደኛሞች የሆንነው ቴክኒክና ሙያ ስንማር ነው። ለክፍላችን ያለው ኦሲሎስኮፕ አንድ ብቻ ነበር፤ ያረጀ፣ ከባድ፣ እስኪሞቅ የሚያስጠብቅ። ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክን እንቅስቃሴ በስክሪን ላይ በመስመር እየሳለ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ተራው ቴስተር ኤሌክትሪክ መኖሩንና መጠኑን ይናገራል እንጂ እየተንቀጠቀጠ ይሁን እየተቆራረጠ አያሳይም። ሌሎቻችን ተራችን ሲደርስ የታዘዝነውን ለክተን እንነሳለን። እሱ ለክቶ ከጨረሰ በኋላም አረንጓዴውን መስመር ቁጭ ብሎ ያየዋል። መምህራችን «በቃ ተነስ፣ ለሌላው ልቀቅ» ሲለው እንኳ አንገቱን ወደ ኋላ እየመለሰ ነበር የሚነሳው።

ስንመረቅ እኔ እንጅባራ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ። እሱ የዳንግላ ልጅ አገባና እዚያው ሱቅ ከፈተ። ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ስታቢላይዘር ይጠግናል። አንዳንዴ ያቃተውን ቦርድ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሚኒባስ ወደ እኔ ይመጣል፤ በማስተምርበት ወርክሾፕ ውስጥ ባለው ኦሲሎስኮፕ አብረን እናየዋለን። ጉዳቱን ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። ከዚያ ቦርዱን መልሶ ይጠቀልልና «የራሴ ቢኖረኝ ይኸን ሁሉ መንገድ አልመጣም ነበር» ይለኛል። «እኔን ለማየት አትመጣም ማለት ነው?» ስለው ይስቃል።

ይህን ምኞቱን ያሟሉለት አባቱ ናቸው። አባቱ ከጥሊሊ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ ቤታቸው አገውኛ ይነገራል፣ ከእኛ ጋር ግን በአማርኛ ነው የሚጫወቱት። የፈረስ ሰው ናቸው። ልጃቸው ስለ መሣሪያው ለእናቱ ሲያወራ ሰምተው ኖሮ፣ ምንም ሳይናገሩ ዳማ ፈረሳቸውን ለገበያ አውጥተው ሸጡት። ገንዘቡን ሲሰጡት «የምትፈልገውን ዕቃ ግዛበት» ብቻ ነው ያሉት። ዘመድ አጉረመረመ። ታላቅ ወንድሙማ ለብዙ ጊዜ አላናገረውም፤ የቤቱ ክብር የሆነ ፈረስ ምንነቱ ለማይታወቅ ሳጥን መሸጡ አንገብግቦታል።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የሚስቱ ዘመድ ዕቃውን ከውጭ ላስመጣልህ አለው። እሱም ዋጋው ዝቅ ያለውን፣ ለጀማሪ የሚሆነውን መረጠ። ዕቃው እስኪመጣ ወራት ፈጀ። በዚያው መሀል ኩላሊቱን ታመመና ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባ። ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ፊቱ አብጦ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ዕቃው የት ደረሰ አሉ?» አለኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኩት። እውነትም መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁት ቀብሩ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እንጅባራን ጉም ሸፍኗት ነበር። ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ወጣ። በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያዎች በዝናብ ርሰው ተደርድረዋል። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ሰማዩ ትንሽ ተከፈተ፤ ዳንግላ ስንደርስ ግን እንደገና ያካፋ ጀመር። ከመናኸሪያው ጋሪ ተሳፍሬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ከቤት የራሴን ቴስተር ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ የእሱ ሱቅ ውስጥ ቴስተር እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ሚስቱ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ በር ላይ ቆማለች። ከውስጥ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ፣ አባቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በሌሊት ተነስተው ከጥሊሊ እንደመጡ ነገሩኝ። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማሸጊያው እንኳ አልተነካም።

«አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አልኳቸው ጎንበስ ብዬ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ ልጄ፣ ነይ ግቢ።» በጣታቸው ወደ ካርቶኑ አመለከቱ። «ፈረሴን ላየው መጣሁ።»

 

ሚስቱ የጠራችኝበትን ምክንያት ያኔ ነገረችኝ። ሰሞኑን እዚያው ሰፈር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ መጥቶ ነበር። ካርቶኑን አይቶ፣ እንዲህ ያለው ርካሽ ዕቃ ላዩ ብቻ እንደሚያምር፣ ውስጡ ባዶ እንደሆነ፣ ባሏ እንደተሸወደ ነገራት። ለእሷ ሲል ግን በሚሆን ዋጋ ሊወስድላት እንደሚችልም ጨመረ። ይህን ታላቅ ወንድሙ ሰማ። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶ ቤቱ «ፈረሳችንን በቆርቆሮ ለወጠው» እያለ ያወራል።

«መሸጡ አይደለም የጨነቀኝ» አለች። «ሞኝ ነበር ሲሉብኝ ነው። ሙቶ እንኳ። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከፍተሽ እይውና እውነቱን ንገሪኝ። አዝናለች ብለሽ ግን አትደብቂኝ።»

ካርቶኑን ከፈትን። መሣሪያው በነጭ ስፖንጅ መሀል ተቀምጧል። ሳነሳው ቀለለኝ፤ ያ የትምህርት ቤታችን ኦሲሎስኮፕ ለሁለት ነበር የሚነሳው። መቅለሉን አባቱም በእጃቸው መዝነው አዩት። ሶኬት ላይ ሰክቼ አበራሁት። ትንሿ ፋን ከፍ ባለ ድምፅ መሽከርከር ጀመረች፤ ስክሪኑ በራ፤ አንድ ቢጫ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። የመለኪያውን ሽቦ ከፊቱ ካለችው መሞከሪያ ብረት ጋር ሳነካካው መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች እኩል እየተሰበረ ቆመ፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

«ይሠራል» አልኩ። «ግን መሥራቱ ብቻ ስለ አሠራሩ አይነግረንም። ልፍታው?»

ከጀርባው አንዱን ብሎን የሸፈነ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ይህ ከተቀደደ ዋስትናው እንደሚቀር አስረዳኋቸው። ሚስቱ ወረቀቱን በጣቷ ዳበሰችው።

«ዋስትናው ለማን ነው?» አለች። «የገዛው ሰው የለም።»

«ክፈችው» አሉ አባቱ።

ከሶኬቱ ነቀልኩት። ውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ትንሽ ጠበቅን። ከዚያ የእሱን ካቻቢቴ ከተሰቀለበት አወረድኩ። እጀታው እሱ በያዘው ቦታ ተልጧል። ብሎኖቹን ፈትቼ የኋላ ክዳኑን ሳወጣው አባቱ ብድግ ብለው አጎነበሱ።

«ባዶ ነው እኮ!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ከሳጥኑ ግማሹ አየር ነበር። አንድ አረንጓዴ ቦርድ፣ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቦርድ፣ ፋኗና ጥቂት ሽቦዎች፤ በቃ። ሚስቱ ፊቷ ጠቆረ። የነጋዴው ቃል እንደመጣባት ገባኝ።

«አባባ፣ በባዶነቱ አይፍረዱበት» አልኳቸው። «ዱሮ ይህን ሳጥን የሚሞላው ዕቃ አሁን በጥፍር ልክ ቦታ ይገባል። ሳጥኑን ያተለቁት ለስክሪኑና ለማዞሪያዎቹ ብለው ነው። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።»

እሺ ብለው ተቀመጡ። «በይ እንግዲያ፣ እኔ ፈረስ ስገዛ ከጥርሱ እስከ ሰኮናው ነው የማየው። መልካሙንም ነውሩንም ንገሪኝ።»

እየጠቆምኩ ነገርኳቸው። የሚለካው ኤሌክትሪክ የሚገባበት ክፍል በቆርቆሮ ክዳን ተሸፍኗል፤ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ እንዳይገባበት ነው። ርካሽ ሊያደርግ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህን ነበር፤ እነዚህ ግን አልቀነሱትም። ክዳኑን አንስቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ብየዳው ንጹሕ ነው፤ ነጥቦቹ ሁሉ እኩል ያበራሉ። ትንሿ ቦርድ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የምትቀበለው ናት። ከባዱ ኤሌክትሪክ ያለበት ወገንና ቀላሉ ያለበት ወገን ተራርቀዋል፤ አንዱ ወደ ሌላው እንዳይዘልም በመሀላቸው ቦርዱ ራሱ ተሰንጥቋል። ይህን ሳይ ደስ አለኝ።

መልካም ያልሆነውንም አልደበቅሁም። ፋኗ ተራ ናት፤ ብዙ ሳትቆይ እንደምትጮህና እንደምትቆም ነገርኳቸው። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች የሠሪያቸውን ስም ሰምቼ የማላውቃቸው ናቸው፤ ጊዜው ሲደርስ መቀየር ይፈልጋሉ። የፊት ማዞሪያዎቹ የቆሙት በስስ ላስቲክ ላይ ነው። አንድ ጥግ ላይ በእጅ የተበየዱ ሽቦዎች አሉ፤ ለብየዳ የሚቀልጠው ሊድ በዝቶ ተንጠባጥቧል፣ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። የት አገር እንዳለ የማላውቀው አንድ ሠራተኛ ቸኩሎ ነበር።

ከዚያ አረንጓዴና ቢጫ የሆነችውን የመሬት ሽቦ ተከተልኩ። የመሣሪያው ገመድ ከሚሰካበት መግቢያ ተነስታ ከሳጥኑ የብረት አካል ጋር በብሎን ታስራለች። ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል። ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ ካለው የእሱ ዕቃ አነሳሁና አንዱን ጫፍ የገመዱ መግቢያ ላይ፣ ሌላውን ባዶው ብረት ላይ አደረግሁ። ሽቦዋ በትክክል ከተገናኘች ቴስተሩ መጮህ ነበረበት። አልጮኸም። ሽቦዋን ነቅነቅ ሳደርጋት ጮኸ፤ ስለቃት ዝም አለ። ብሎኑን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ብረት ወፍራም ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ሽቦዋ የታሰረችው ቀለሙ ላይ ነው።

ቴስተሩን አስቀመጥኩ። ሚስቱ ፊቴን እያየች ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ነውሩ ይኸ ነው» አልኳቸው። «ሌላው ሁሉ እያደር የሚጠገን ነው። ይኸ ግን አሁኑኑ ካልተስተካከለ መሣሪያው መነካት የለበትም።»

«ሰው ይገድላል?» አሉ አባቱ።

«እንዲሁ አይገድልም። ግን አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት መውረጃው ይህች ናት። መውረጃ ካጣ በሚነካው ሰው በኩል ነው የሚወርደው።»

ሚስቱ ወደ ሱቁ የኋላ ግድግዳ ዞረች። «እሱ ሱቁን ስንከፍት መጀመሪያ የሠራው የመሬት መውረጃውን ነው» አለች። «ጉድጓድ ቆፍሮ ብረት ቀበረ። ጨውና ከሰል ጨምሮ። ሰው ሁሉ ምን እየተከልክ ነው እያለ ይስቅበት ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ መሬት፣ ሥራው ቀጥሎ ነው ይል ነበር።»  ባሏ ከሞተ ወዲህ እሱ የሠራውን አንድ ነገር በኩራት ስትናገር የሰማኋት ያኔ ነው።

«እንግዲያ ልጄ ቢያገኘው ምን ያደርግ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ አባቱ።

«ቀለሙን ፍቆ መልሶ ያስረው ነበር። ቀላል ነው።»

«እኔ ልፋቀው።»

ቦርዱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩት፤ ብናኙ እንዳይገባበት። የብርጭቆ ወረቀት ቆርጬ ሰጠኋቸው። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ለምራታቸው አቀበሉ፤ መሣሪያውን በግራ እጃቸው ደግፈው መፋቅ ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ። ግራጫው ቀለም እየተነሳ፣ ከሥሩ የሚያበራው ብረት ወጣ።  ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ በውጭ ጋሪ ያልፋል። የእሳቸው እንባ ጺማቸው ላይ ሲወርድ አይቼዋለሁ፤ እጃቸው ግን አላቆመም። እኔም መጥረጊያ የምፈልግ መስዬ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

ከእሱ የብሎን ጣሳ ውስጥ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ ብረቱን ነክሶ የሚይዝ የብሎን ቀለበት፣ አገኘሁና ከሥሩ አግብቼ አጠበቅሁት። ቴስተሩን ለእሳቸው ሰጠሁ፤ አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ብዬ አሳየኋቸው። ሲነኩት ጮኸ። ሽቦዋን ነቀነቅኋት፤ ጩኸቱ አልተቋረጠም።

«አሁንስ?» አሉኝ።

«አሁን ይዟል።»

ክዳኑን ከመመለሴ በፊት ነጋዴው በሩ ላይ ብቅ አለ። የተፈታውን ሲያይ እጁን አጨበጨበ። «ከፈታችሁት? በሉ እንግዲህ፣ ከእንግዲህ ማን ይገዛዋል?»

ሚስቱ ወደ እኔ ዞረች። «እህቴ፣ በእሱ ፊት ንገሪኝ። ባሌ ተሸውዷል?»

«አልተሸወደም» አልኩ። «ትልልቅ ፋብሪካ የሚገዛው ዓይነት አይደለም፤ ለጀማሪ የተሠራ ነው። አንድ ከባድ ስሕተት ነበረበት፣ ተስተካከለ። ፋኗና ማዞሪያዎቹ ደካማ ናቸው። ዋናው አካሉ ግን በደንብ የተሠራ ነው። እኔም በዚያ አቅም ብገዛ እሱኑ ነበር የምመርጠው።»

ነጋዴው ጠጋ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እኔ ሰው ሲል የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። ውስጡን አይቼ አላውቅም ነበር» አለ። ክፉ ሰው አልመሰለኝም። «እንግዲህ ትሸጭው እንደሆነ...»

«አይሸጥም» አለች።

አባቱ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ፣ «እኔም ፈረሱን ስሸጥ» አሉ፣ «የኋላ ቀኝ እግሩ ብርድ ሲሆን እንደሚያነክስ ለገዢው ነግሬዋለሁ። ከነነውሩ ወዶ ነው የወሰደው።» 

ከሰዓት በኋላ እኔና እሳቸው አብረን ተሳፈርን። በመስኮቱ በኩል ናቸው። አዲስ ቅዳምን ካለፍን በኋላ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ገንዘቡን የሰጠሁት ቀን ምንም አልተናገረኝም። ተቀብሎኝ ወጣ። ወንድሙ ስለተቆጣ ተቀይሞ ይሆን፣ ወይስ ደስ ብሎት፣ ሳላውቅ ቀረሁ። ልጠይቀው እያልኩ ታመመብኝ። ለአንቺ የነገረሽ አለ?»

ነበር። ያን ዕለት በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የመጣው፤ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ፣ በዝናብ ርሶ። ምን ሆንክ ስለው መናገር አቃተው። የተማሪ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ቆይቶ፣ «አባቴ ፈረሱን ሸጠልኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ፈልጌ ነበር፣ አፈርኩ» አለኝ። ይህንኑ፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ ነገርኳቸው።

አባቱ ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። በአገውኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ አልገባኝም፣ አልጠየቅኳቸውምም። «ቆሰበር» ብሎ ረዳቱ እንጅባራን በቀድሞ ስሟ ሲጣራ ወርደን፣ የጥሊሊ መኪና እስኪሞላ አብሬያቸው ቆምኩ። ሲለዩኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

ታላቅ ወንድሙ ወሬውን አቆመ። አባቱ ምን ብለውት እንደሆነ አላውቅም። ሚስቱ ሱቁን እዘጋለሁ ስትል ቆይታ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንጅባራ ለአጭር ሥልጠና ተመዘገበች። ከብዙ ወጣቶች መሀል ጥቁር ለብሳ ከፊት ትቀመጣለች። ቶሎ የሚገባት አልነበረችም፤ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች፣ ከገባት በኋላ ግን አይጠፋትም። ለፈተና ያበላሸሁትን ቦርድ ስታስተካክል ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻታለሁ፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ማንንም ሳታይ። መጀመሪያ ባሏን የሚያውቁ ደንበኞች ብቻ መጡላት። «ሴት ምን ታውቃለች» ብለው የሄዱም ነበሩ። ቆይተው እየተመለሱ መጡ።

ፋኗ እንዳልኩት ዓመቱ ሳይዞር ቆመች፤ ሌላ ከአሮጌ ዲሽ ሪሲቨር አውጥታ ራሷ ገጠመችለት። አንዱ ማዞሪያ ወልቆ በማጣበቂያ ይዛዋለች። አባቱ ጤና ሲሰማቸው ከጥሊሊ እየመጡ ሱቁ ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ምንም አይጠይቁም፣ መስመሩን ብቻ ያያሉ። ኋላ በእርጅና ሞቱ። ለቅሶው ላይ እሷ ከልጆቻቸው እኩል ተቀምጣ ሰው ሲያጽናናት አየሁ።

በቅርቡ ዳንግላ ለሥራ ሄጄ ጎራ አልኩ። የጓደኛዬ ሚስት ጥቁሩን አውልቃለች። አንዲት ሴትዮ ስታቢላይዘር አምጥታ እስኪጠገን ቆማ ትጠብቃለች። እሷ ከኦሲሎስኮፑ ቢጫ መስመር ቀና ሳትል፣ «ቁጭ በይ፣ መጣሁ» አለችኝ። ተቀመጥኩ።